የፋሲካ ጉርሻ

ሉሊ ነጋሽ ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ድምፅዋን የሰማ ሰው ቢኖር ስም የሚጠራው መምህር ነው፤ እሱም «አቤት» ስትል ብቻ። ምሳዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ብቻዋን ትበላለች። ረመዳን ገብቶ ወሩን ሙሉ ስትጾም እንኳ ምሳ ዕቃ አለመያዟን ልብ ያለ አንድም ተማሪ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ወደ ካዛንቺስ ስትመለስ መንገድ ለመንገድ ለራሷ ታወራ ነበር፤ ካልሆነማ ያቺ ልጅ መናገር ትረሳ ነበር።

የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ጾም የገባ ሰሞን እጸገነት የምትባል የክፍሏ ልጅ፣ ሳቋ ከግቢው በር የሚሰማ የመስቀል ፍላወር ልጅ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስታልፍ ሉሊን አየቻት። በሉሊ ምሳ ዕቃ ያለው ሽሮ ነበር።

«አንቺ፣ ጾመኛ ነሽ እንዴ? በቃ ነይ ከእኛ ጋር ብይ! ብቻሽን ምን ይጎልትሻል?»

«ሙስሊም ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ለእሷ ከበዳት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችና ምሳ ዕቃዋን ይዛ ተነሣች።

ማንም አልጠረጠረም። ስሟ አያሳብቅም፣ ሻሽም አታስርም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሥጋ እንደማይበላ በዚህ ከተማ ሕፃን ያውቀዋል፤ ሽሮና ምስር ግን ሃይማኖት የላቸውም። ስለዚህ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ሉሊ እንደ ሰው ኖረች። ምሳ ዕቃው ሁሉ መሃል ይቀመጣል፣ እጅ ከእጅ ይጋጫል፣ እጸገነት «ሉልዬ» እያለች ታጎርሳታለች፣ ለማንም ያልነገረችውን ሚስጥር ታወራላታለች። ግራ የገባት እናቷ ጀሚላ ብቻ ነበረች። «ሥጋው ምን አድርጎሽ ነው ልጄ? አሞሽ እንዳይሆን» ትላለች፣ አሁንም አሁንም ሽሮ እየቋጠረችላት።

ሆሳዕና ሲቃረብ ልጆቹ ስለ ፋሲካ ማውራት ጀመሩ። አብራቸው የምትበላ መድኃኒት የምትባል ልጅ ጥብስ፣ እጸገነት ደግሞ ዶሮ ሊያመጡ ተስማሙ።  ሉሊ ዛሬ ልንገራቸው ትልና ታሳድረዋለች። ነገ ትላለች፤ ነገም ይመጣል፣ እንደመጣ ይሄዳል። ብትናገር ውሸታም ልትባል ነው፤ ዝም ብትል የማይበላ ልትበላ ነው። ከሁሉም በላይ የምትፈራው ግን ያንን የቤተ መጻሕፍት ጀርባ ነበር። ምስኪን፣ በዚያ ዓመት ፋሲካ እንዲቀር እስከ መለመን ደረሰች።

ፋሲካ መቼ ቀርቶ ያውቃል! ትምህርት በተከፈተ ዕለት ዶሮው መጣ፣ ምሳ ዕቃው ሲከፈት ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«የመጀመሪያዋ የሉልዬ ናት!» አለች እጸገነት፣ ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልላ። «በሞቴ! እምቢ ካልሽ እጣላሻለሁ።»

ጉርሻው አፏ ውስጥ ገባ። አላኘከችውም። ጉንጯ እንደተወጠረ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ፣ ተነሥታ ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠችና ተፋችው። እጸገነት ተከትላት ደረሰች።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ? በርበሬው በዛ?»

አዎ ብትል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥል ነበር። መዋሸቱ ግን ደከማት።

«ሙስሊም ነኝ» አለች።

እጸገነት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ።

«በእጄ እኮ ነው ያጎረስኩሽ! በገዛ እጄ! ምን ዓይነት ኃጢአት ነው ያሠራሽኝ ሉሊ?» ቧንቧውን ከፍታ ውሃ በእፍኟ አስጠጋችላት። «ተጉመጥመጪ። ድገሚ። በደንብ!» እየተቆጣች፣ እያለቀሰች፣ ደጋግማ አጉመጠመጠቻት። «ብትነግሪኝ ሽሮ ማምጣት ያቅተኝ ነበር? ማለቴ፣ ለአንቺ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«ብቻዬን መሆን።»

እጸገነት እርጥብ እጇን በዩኒፎርሟ ጠረገች። ቁጣዋ በርዶ ነበር፤ መብረዱ ደግሞ ከቁጣው ይብስ ነበር።

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ የወደድኩት ማንን ነው?»

ሉሊ «እኔን» ልትላት ፈለገች። እኔኑ ነው፣ ሌላ ሰው አልነበረም። ቃሉ ግን አፏ ድረስ መጥቶ ቆመ። እጸገነት ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ ዘወር ብላ ወደ ክፍል ሄደች።