ጅቧ ቀጨኔ ላይ ነጋባት

ጅብ ሲነጋበት ከሰው የባሰ ይደነግጣል። ይህን ከሰምሀል በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያን ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የጅቧ ድንጋጤ ነበርና።

ሰምሀል በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የዱር እንስሳት ክትትል ሠራተኛ ናት። አምና የማዕከሉ መሐንዲሶች ለአንዲት ጅብ አንገቷ ላይ መሣሪያ አሰሩላት፤ የጅቧን ስሜት ሰምሀል ጆሮ ሥር ወደተለጠፈች ትንሽ መቀበያ ይልካል። መሐንዲሶቹ «መልእክቱ የሚመጣው ከጅቧ ብቻ ነው» ብለው ነበር። ሰምሀል ግን እሷ ስትስቅ ጅቧ ጫካ ውስጥ እንደምትቦርቅ፣ እሷ ስትናደድ እንደምታጉረመርም ካወቀች ቆየች። ለማን ትንገር? የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ሸክላ ሠሪን ደግሞ መንደሩ «ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል» እያለ ነው የኖረው። ጅብ ልቤን ያውቃል ማለት ለሐሜተኛ ምስክር መቁጠር ነው።

ጅቧ ከመድኃኔዓለም በታች ካለው ድልድይ ሥር ተወሽቃለች። ሰዉ ድንጋይ ይዞ ከቧታል፤ ጩኸቱ እነሰምሀል ቤት ድረስ ይሰማል። ተኳሽም ተጠርቷል።

ሰምሀል ጫማዋን ስታስር እናቷ ወለተማርያም በሩ ላይ ቆመች።

«ወዴት ነው?»

«ሊገድሏት ነው፣ እማዬ።»

«ይግደሏታ። ሰው ፊት ከጅብ ጋር ልትቆሚ? ዕድሜዬን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ያሳደግኩሽ ለዚህ ነው?»

«ብትሞት የምትሞተው እኔ ውስጥ ነው» አለችና በእናቷ ጎን ሾልካ ሮጠች።

ስትደርስ ተኳሹ ጠመንጃውን እያቀባበለ ነበር። ወደ ድልድዩ ሥር ወረደች። «ነይ፣ እንሂድ» አለቻት በልቧ። ከላይ ጎረቤታቸው አቶ ቤዛብሕ «አላልኳችሁም? ዘመዷ ናት» ሲሉ ሰማች። ፈርታ አንገቷን ደፋች። ወዲያው ጅቧ ጋማዋን አቁማ ጥርሷን አገጠጠችባት። ያኔ ነገሩ ገባት። ጅቧን የሚያስፈራት የሰምሀል ፍርሃት ነው፤ ሰምሀልን የሚያስፈራት ደግሞ ቡዳ የሚለው ስም ነው። ከሕፃንነት ጀምሮ የሸሹትን ስም በአንድ ጠዋት መድፈር ከየት ይመጣል?

«ዞር በሉ» የሚል ድምፅ ከሰዉ መሀል መጣ። ወለተማርያም ናት፤ ልጇን ተከትላ መጥታለች። በተኳሹና በድልድዩ መሀል ቆመች።

«ቤዛብሕ፣ ሽሮህ የሚንተከተከው እኔ በሠራሁት ድስት ነው። ቡዳ ብሆን እስከ ዛሬ ትተርፍ ነበር?»

ሰዉ ሳቀ። አቶ ቤዛብሕም ድንጋያቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ልጄ ናት» አለች ወለተማርያም። «ጅቧን ይዛ ታልፋለች፤ መንገድ ልቀቁ።»

ሰምሀልን ኩራት ሞላት፤ ፍርሃቱ መቆሚያ አጣ። የጅቧ ጋማ ተኛ። ከድልድዩ ሥር ወጥታ ከሰምሀል ጎን ቆመች።

በጠዋቱ ፀሐይ ሦስቱም ዳገቱን ይዘው ወጡ። መንደሩ በየአጥሩ ተለጥፎ ያያል። ተኳሹ ከኋላቸው «ትንሽ ብትጠጋኝ ኖሮ እኮ...» ሲል ይሰማል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ለልጅቷ ይሁን ለእናቷ ወይስ ለጅቧ እንደሆነ ባይለይም፣ እልልታው እስከ እንጦጦ ጫካ ሸኛቸው።

ጅቧ ዛፎቹ መሀል ገባች።

«አሁን ምን ይሰማታል?» አለች እናቷ።

«ርቧታል።»

ወለተማርያም ከልቧ ሳቀች። ሰምሀል እናቷ መንገድ ላይ ድምፅዋን አውጥታ ስትስቅ ሰምታ አታውቅም።

«በጓሮ በኩል እንመለስ?» አለቻት።

«በመጣንበት» አለች ወለተማርያም፤ ቀድማም ቁልቁል ወረደች።