ግሱን በል

«ዝም አሰኝልኝ» አለች የመምህሩ ሚስት፣ የጊታሩን ሳጥን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ እየገፋች። «የፈለግከውን አድርገው፤ ብቻ ዝም አሰኝልኝ።»

ጊታር ሠሪው የጋለውን ካውያ ማስቀመጫው ላይ መለሰና እጁን በሽርጡ ጠረገ። ጥግ ጥጉ የተላጠውን፣ መያዣው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለውን ያን ሳጥን ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ በር ሲገባ አይቶታል። ባለቤቱ፣ መምህሩ፣ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሳጥኑ ያለ እሱ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ሠሪውም ሳያስበው ከሴትየዋ ኋላ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ምን አድርጎሽ ነው?» አላት። በቀልድ ሊወስደው ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልታዘዘውም።

«ያወራል።»

«ማን? ጊታሩ?»

«አትሳቅብኝ አንተ! ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ትሰካዋለች። መጫወት እንደሁ አትችል። ታቅፈዋለች፣ ጎንበስ ትልና ታወራዋለች። ያወራችው በአምፕሊፋየሩ በኩል ይወጣል፤ ቀጥኖ፣ ሻክሮ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ከእኔ ጋር ግን ቃል አትተነፍስም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ትናንት ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማው "አቤት!" ብዬ ተነሳሁ። ገባህ? ባሌ የጠራኝ መስሎኝ ነው። ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ በሩ ላይ ደረስኩ።»

ሠሪው አልሳቀም። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ከክሮቹ ሥር የተገጠመውን ጥቁር ፒክአፕ በጣቱ ጫፍ አሳያት። «ይኸውልሽ እህቴ፣ የክሩን ድምፅ የሚይዘው ይሄ ነው። ውስጡ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠቅልሏል። ሲያረጅ ሽቦው ይላላል። ሲላላ ደግሞ ክሩን ብቻ መስማት ይተውና አጠገቡ የተወራውን ሁሉ ይሰማል። ጆሮ ጠቢ ሆነ ማለት ነው።»

«መድኃኒት አለው?»

«ተፈትቶ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል። ሰሙ በየሽቦው መሀል ገብቶ ሲረጋ ወሬውንም ፉጨቱንም ይተዋል።»

«ያ እሱ የሞከረው…» ብላ ጀመረችና አፏን በመዳፏ ያዘች። «ወይኔ አፌ!»

«ግድ የለም፤ ያለፈ ነገር ነው» አላት።

«ማታ እደውላለሁ። ነከርኩት ካላልከኝ ቤቴ አላስገባውም» ብላ ወጣች።

ያለፈ ነገር ነው ማለት ቀላል ነው። የሠሪው ታላቅ ወንድም የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር እየፈታ ሽቦውን እንደገና የሚጠቀልል ሰው ነበር፤ በዕድሜው አንድ ፒክአፕ ብቻ ሠራ፣ እሱንም ለታናሹ። ስንት ዙር እንደጠቀለለው ሳይጽፍ ሞተ። ያ ፒክአፕ የተገጠመበትን ቀይ ጊታር ሠሪው ለማንም አያውስም፤ ለመምህሩ ግን ለአንድ ሳምንት አዋሰው። መምህሩ ደግሞ ጊታሩ ሲያፏጭ ሰማና ወዳጁን ላስደስት ብሎ ሻማ አቅልጦ ነከረው። ሰም በውሃ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ ፈልቶ እንደማይሆን አያውቅም ነበር። ሲያወጣው ፕላስቲኩ ተጨማድዷል፣ ሽቦው ተበጥሷል። ሊያበጁ ሄደው ማጥፋት ይሉሃል ይሄ ነው። የተጨማደደው ፒክአፕ ዛሬም በሠሪው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ።

ከሰዓት በኋላ የቅዳሜዎቹ ሰዎች መጡ። ድሮ ከሠሪው ጋር አራት ነበሩ፤ አሁን ሦስት ናቸው። አንዱ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ጊታሩ ውድ፣ ነጭ፣ ጭረት የማያውቅ። ሌላው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የእሱ ጊታር ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ርካሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ እሱ ግን በምንም አይለውጠውም።

«ያንተ ጊታር ቁርጥ አንተን» አለው ሹፌሩ ለሐኪሙ፣ ገና ከመቀመጣቸው። «ነጭ ለብሶ ሰው ያሳምማል።»

«ያንተስ? ልክ እንደ አውቶቡስህ፣ ከመነሳቱ በፊት ያስላል።»

ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ግን አጠረ፤ የዚህ ዓይነቱን ሳቅ የሚያስረዝመው መምህሩ ነበርና።

እነዚህ ሰዎች ጊታር የሚያወዳድሩበት የራሳቸው ደንብ አላቸው። አንዱ ይጫወታል፣ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሦስት ድምፅ ብቻ፣ በአንድ አምፕሊፋየር። የማን ጊታር እንደሆነ ያላወቀ ሻይ ይጋብዛል። ሠሪው ነጩን መታ፤ አወቁት። ኮምፔንሳቶውን መታ፤ ሹፌሩ ግድግዳውን እያየ «ልጄ!» አለ። ቀጥሎ የመምህሩን ጊታር ከሳጥኑ አወጣና ሰካው። ሦስት ድምፅ።

የሹፌሩ ትከሻ ወደ ላይ ወጥቶ ቀረ።

«ይሄ ጨዋታ አይደለም» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ፣ ሳይዞር።

«ሚስቱ ናት ያመጣችው። ሰም ይነከርልኝ ብላ» አላቸው ሠሪው፤ ጠዋት የሰማውንም አንድ በአንድ ነገራቸው።

ሹፌሩ መጥቶ ጊታሩን ተቀበለውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አንገቱ ላይ፣ ከሦስተኛው ክር ሥር፣ እንጨቱ የመምህሩ ጣት ባረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ነበር። መምህሩ የቋንቋ መምህር ነበር፤ የክፍሉ ትምህርት አልበቃው ብሎ የኬልቲክ ቋንቋዎች የሚባሉትን፣ አይሪሹን፣ ዌልሹን፣ ብሬቶኑን፣ ከመጽሐፍ ለብቻው ይለቃቅም ነበር። ለምን ሲሉት «ጊታርስ ምን ይሠራልኛል?» ይል ነበር። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ክር እያጠበቁ ሳለ፣ አንድ ነገር ሳይነግራቸው አይሄድም ነበር።

«ሞቶ ተነሳ ያለን ቋንቋ ማን ነበር?» አለ ሹፌሩ።

«ማንክስ። የደሴት ቋንቋ ነው» አለ ሐኪሙ። «ከእናቱ አፍ የተማረው የመጨረሻው ሰው ሳይሞት ድምፁን በቴፕ ቀድተውት፣ ኋላ ሰዎች ከዚያ ተማሩት። ዛሬ ሕፃናት ይማሩበታል። "ድምፁ የተቀዳ ሰው ሙሉ በሙሉ ሞተ አይባልም" ይል አልነበር?»

«እኔ የማልረሳው የረሀቡን ነው። አይሪሾች ራበኝ ለማለት "ረሀብ በላዬ አለ" ይላሉ አለን። እኔ ደግሞ "ምን ይገርማል፤ እኛስ ራበኝ ስንል ሥራውን የሚሠራው ረሀቡ አይደል?" አልኩት። ተነስቶ ሳመኝ እኮ! ጺሙ አሁንም ጉንጬን ይወጋኛል።» ሹፌሩ የጎደጎደውን እንጨት በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «እንግዲህ እሱ ናፈቀኝ ስልስ? ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? እኔ ነኝ፣ እሱ?»

ሐኪሙ የጎደጎደውን ሊያይ በክሮቹ ላይ እንዳጎነበሰ፣ በለሆሳስ፣ «እሱ ነው» አለ።

«እሱ ነው» አለ አምፕሊፋየሩ ከክፍሉ ማዶ።

ሹፌሩ ጊታሩን ሊጥለው ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ እንደ አመድ ነጣ። ሦስቱም ምክንያቱን ያውቃሉ፤ የላላ ሽቦ ነው፣ አለቀ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ ጨዋታው አልያዘላቸውም። ሐኪሙ ቀጠሮ አለኝ አለ፤ ሹፌሩ አውቶቡሱን አሳበበ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ «ሰሙን በእሳት እንዳታፈላው» አለና፣ የተናገረው ሲገባው ምላሱን ነክሶ ወጣ።

ሠሪው ብቻውን ሲቀር ድስቱን በውሃ ሞልቶ የሰሙን ቆርቆሮ ውስጡ አስቀመጠ፤ ምድጃውን ለኮሰ፤ ቴርሞሜትሩን ሰቀለ። ሰሙ ከዳር ከዳሩ ማላብ ጀመረ። ጊታሩን አቅፎ ጠመንጃ መፍቻውን አነሳና የመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳረፈው። እጁ ግን አልዞር አለ።

ሰሙ ሸተተው፤ የዚያ የመጨረሻው ቅዳሜ ሽታ ነው። መምህሩ የተጨማደደውን ፒክአፕ በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ እዚሁ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ነበር፤ ሊገረፍ አባቱ ፊት እንደቆመ ልጅ። «ሐዘን በላዬ አለ» አለው። «አይሪሾች ይቅርታ የሚሉት እንዲህ ነው። እኔም ሌላ የምልበት ቃል አጣሁ። ይቅር ብለኸኛል?»

«አዎ» አለው ሠሪው፣ ቀና ሳይል።

«አዎማ ከአንገት በላይ ነው» አለ መምህሩ፣ የአንዱን ጊታር አንገት መታ መታ እያደረገ። ለመሳቅ እየሞከረ ነበር። «እነሱ ዘንድ አዎ የሚባል ቃል የለም ብዬህ የለ? በልተሃል ወይ ሲሉህ በልቻለሁ ነው መልሱ። አፍህ ሥራውን ራሱን መጥራት አለበት። እንግዲህ እጠይቅሃለሁ፤ ይቅር ብለኸኛል? ግሱን በል።»

«ሥራ አለብኝ፤ ዞር በልልኝ።»

«እሺ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራ ይሁንህ።»

ማክሰኞ ዕለት፣ ተማሪዎቹ ፊት፣ ጠመኔ በእጁ እንደያዘ ልቡ ቀጥ አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የተናገሩት ቃል እንዲህ ከሆነ ያልተናገሩትስ በምን ይታሻል? ሠሪው ስምንት ወር ሙሉ ያቺን ቃል በጉሮሮው ይዞ ኖሯል። በቀብሩ ላይ አልወጣችም። የመምህሩን ሚስት ሊያጽናና ሲሄድ አልወጣችም። ቂሙ እንኳ መቼ ከልቡ እንደወጣ አያውቀውም፤ ቃሏ ግን እዚያው ቀርታ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሩ ሲንኳኳ ያስደነግጠዋል። አሁን ደግሞ ሰሙ እየቀለጠ ነው። ይህ ፒክአፕ ከተነከረ በዓለም ላይ የመምህሩ የሆነ የሚሰማ ጆሮ አይኖርም። ሞኝነት መሆኑን ያውቃል፤ ግን ሞኝነት መሆኑን ማወቁ አልረዳውም።

ጠመንጃ መፍቻውን አስቀመጠ። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ከፍ አደረገ፤ እሽሽ የሚል ነገር ክፍሉን ሞላው። ክሮቹን እንዳይጮሁ በመዳፉ አፈናቸውና፣ ሰው እንዳያየው በመስኮቱ ገልመጥ ብሎ፣ አጎነበሰ።

«ይቅር…» አለ። ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ ከጥግ የመጣው ቀጭን ድምፅ። የእሱ አይመስልም። ትንሽ የመምህሩን ይመስላል፤ ትንሽ ደግሞ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሰማውን፣ የታላቅ ወንድሙን። ሠሪው በጊታሩ ላይ እንዳቀረቀረ አለቀሰ፤ ልቅሶውም በዚያው በጥግ በኩል ወጣ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ፊቱን በሽርጡ ጠረገና ጊታሩን ከጭኑ ሳያወርድ አነሳው።

«ነከርከው?» አለች የመምህሩ ሚስት።

አዎ ሊላት ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ነክሮ ቢመልስላት ማን ያውቅበታል?

«አልነከርኩትም።»

«እንዴ! ጠዋት ምን ተባባልን?»

«እነክረዋለሁ። መጀመሪያ ልጅቷን ይዘሻት ነዪ። ለመሆኑ ምን እያለች ነው የምታወራው?»

«ጠይቄያት አላውቅም» አለች ሴትየዋ።

«የጀመረችው ነገር ካለ እዚህ መጥታ ትጨርሰው። እኔ ውጭ እቆያለሁ። አንቺም የምትይው ካለሽ በዪው። ከዚያ በፊታችሁ እነክረዋለሁ።»

«ቆይ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ስትናገር ከኋላህ የሚናገረው ማን ነው? ሰው አለ እንዴ እዚያ?»

አምፕሊፋየሩን እንዳላጠፋው ያን ጊዜ ትዝ አለው። የተናገረው ሁሉ ጭኑ ላይ ባለው ጊታር እየገባ በጥግ በኩል ሲወጣ ቆይቷል። ማስረዳት ይችል ነበር፤ ስለ ላላው ሽቦ ጠዋት ነግሯታል።

«አለ» አላት።

«አለ» አለ አምፕሊፋየሩም።

ሠሪው እጁን ዘረጋና ከሰሙ ሥር ያለውን ምድጃ አጠፋው።