የወዲያኛው ዓይን

«እኔን ይመስላል እንዴ ይኼ?» አሉ እማሆይ ወለተ ጻድቃን፣ እንስራ የተሸከመች ጥቁር ሴት ከተሣለችበት ሸራ ፊት ቆመው።

«ጥቁር ሲሆን ጊዜ እርስዎ መስሎኝ» አለ የገዳሙ በር ጠባቂ ተክለሚካኤል፣ ኀፍረቱን በሳቅ እያድበሰበሰ።

«እኔ በዕድሜዬ ደረቴን ገልጬ ውኃ ቀድቼ አላውቅም! ሂድ ወዲያ!»

እማሆይ ከገዳማቸው ከደብረ ገነትና ከጎልጎታ ሌላ የሚያውቁት የኢየሩሳሌም ቤት አልነበረም። ዛሬ ግን ከቅዳሴ መልስ ጀምረው የፈረንጅ ሥዕል ያለበትን ሁሉ ሲያስሱ ዋሉ። በያፋ በር የፎቶግራፍ አንሺውን ሱቅ አዩ፤ የሆቴሉን አዳራሽ አዩ፤ ግመል፣ ጉልላት፣ አሁንም ግመል። ወይ ፈረንጅ፣ ግመል አይሰለቸውም! የራሳቸውን መልክ ግን አጡት። ሙሴ ኤሚል ሥዕሎቹን ነገ በሣጥን አሽጎ ወደ አገሩ ሊጭን ነው የሚል ወሬ ከሰሙ ወዲህ ልባቸው አልረጋ ብሎ ነው።

ሙሴ ኤሚል ዐቢይ ጾሙን ሙሉ ገዳሙ ግቢ እየመጣ የሣላቸው ፈረንጅ ነው። መጀመሪያ፣ መነኩሴ ምን መልክ አለው ብለው እምቢ ብለውት ነበር። ኋላ አንድ ሐሳብ ገባባቸው። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ ጎንደር ቀርቷል፤ ቢሞቱ ስማቸውን የሚያነሣ የለም። ይህን መልክ ያየ ሰው፣ በማያውቁት አገር እንኳ ቢሆን፣ አንድ ቀን «ነፍሷን ይማር» ቢል ምን ይጎዳል? እሺ አሉ። እሱም ሁልጊዜ ከጥዱ ሥር ከጎናቸው ይቀመጣል፤ ሲጨርስ ሸራውን በጨርቅ ሸፍኖ ይሄዳል። ከጎን መቀመጡን እማሆይ በጣም ወደዱለት። የመነኩሲት ፊት ትክ ብሎ ላለማየት ነው፣ ጨዋ ሰው ነው አሉ። አባታቸውም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ሲሥሉ ማንንም አያዩም፤ ፊት የሚወጣው ከልብ ነው ይሉ ነበር።

«እማሆይ፣ አንድ ቤት ቀርቶናል» አለ ተክለሚካኤል። «እዚያው እኛው ሰፈር፣ ከሐበሻ መንገድ ማዶ የተከፈተው አዲሱ የሥዕል ቤት።»

«እኛው ደጅ? ታዲያ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ያንከራተትከኝ ምን በድዬህ ነው?»

ደረሱ። የውጭኛው ክፍል ሥዕል ሊያዩ በመጡ የፈረንጅ እንግዶች ተሞልቷል። የእሳቸው ሥዕል ከውስጠኛው ክፍል፣ ባለ ሦስት እግር እንጨት ላይ ቆሟል። እማሆይ ገና ከበሩ ላይ አወቁት። ቆቡ የእሳቸው፣ መቁጠሪያውና መስቀሉ የእሳቸው፤ አውራ ጣታቸው ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። «ወይ እጁ! እጁን ይባርከው!» እያሉ ቀረቡ። ቀርበው ክው አሉ።

ፊታቸው ወደ ጎን ዞሯል። ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

ልጅ ሆነው ለአባታቸው ቀለም ይፈጩ ነበር። ጻድቃን፣ ሰማዕታት፣ መላእክት ሁሉ በሁለት ዓይን ያያሉ። በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚሰጠው፣ ይሁዳ ነው፤ ሄሮድስ ነው፤ ሰይጣን ነው። አንድ ጊዜ ይሁዳ አሳዝኗቸው፣ ሁለተኛዋን ይስጡት ብለው ቢለምኑ፣ «አይሆንም ልጄ» አሏቸው አባታቸው። «በሁለት ዓይኑ ካየሽማ ‹ይማረው› ትያለሽ።»

ታዲያ ይህን ያየ ማን «ነፍሷን ይማር» ይላል?

ሙሴ ኤሚል አይቷቸው ኖሮ እየሣቀ መጣ። እማሆይ ሰላምታውን አልጠበቁም። «ሌላው ዓይኔስ የት አለ? ጠይቀው» አሉ ተክለሚካኤልን።

ተክለሚካኤል ከግንበኞች በለቃቀማት ቋንቋ ጠየቀ። ፈረንጁ ከት ብሎ ሣቀ።

«ከወዲያ በኩል ነው ይላል።»

እማሆይ ዞሩ። ከሸራው ጀርባ ሄደው አዩ። ባዶ ጨርቅና ሚስማር ነው።

«ይጨምርልኝ» አሉ ተመልሰው። «አንዲት ነጥብም ትሁን። እምቢ ካለ የሚሥልበትን ከሰል ይስጠኝና እኔው ላድርገው። ይሁዳ ሆኜ ባሕር አልሻገርም በለው!»

ተክለሚካኤል ያለችውን የግንበኞች ቋንቋ በረበረ። ድንጋይ፣ ኖራ፣ ውኃ፣ የት፣ ነገ፤ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። «እማሆይ፣ ቃሉ የለኝም» አለ። ጨንቆት በጣቱ አንዴ ዓይኑን፣ አንዴ ሥዕሉን ያሳይ ጀመር። ሙሴ ኤሚል ዓይናቸው እንዴት ያምራል የተባለ መስሎት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ፤ እየሣቀም ወደ እንግዶቹ ሄደ።

ምን ያድርጉ? ይጩኹ? በማን ቋንቋ? ሸራውን ይቅደዱት? ቆቡም መስቀሉም እዚያው ላይ ነው፤ እንዴት ብለው ይቅደዱት?

እንግዶቹ ወደዚህኛው ክፍል ይጎርፉ ጀመር። እማሆይ ከሥዕሉ አጠገብ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፋ አድርገው ቀጥ ብለው ቆሙ። የገባውን ሁሉ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ይኸው፣ ሁለት ናቸው፤ ቁጠሩ። እንዳይርገበገቡባቸው እንኳ ይጠነቀቁ ነበር።

ሰዉ ወደደው። ከሥዕሉ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ሥዕሉ እያየ ይንሾካሾካል። አንዲት ጓንት ያጠለቀች እመቤት ግን የሆነ ነገር አልጥምሽ አላት። ራሷን ዘመም አድርጋ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ፈገግ እያለች ቀረበች፤ አገጫቸውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ፣ ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ በቀስታ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን መለሰችው። ልክ እንደ ሥዕሉ። ሰዎቹ አጨበጨቡ።

እማሆይ ፊታቸውን ሊመልሱ ፈለጉ፤ አንገታቸው እምቢ አላቸው። የወዲያኛው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከግድግዳው በቀር የሚያየው የለም።

«ተክለሚካኤል» አሉ ቀስ ብለው፣ «እባክህ በዚህ በኩል ና።»

እሱም በእማሆይና በግድግዳው መካከል ተሸጉጦ ገባና ቆመ፤ ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።