የጓሮዬ በኩራት

ጓሮ አትክልት ማልማት ነፍስ ያድሳል የሚል ሰው ካለ ይምጣና አዳማ ላይ ያልማ። እኔ ዘርፉ አልምቼ አይቼዋለሁ። ነፍሴ መታደሷ ቀርቶ ልትወጣ ምንም አልቀራትም ነበር።

መጀመሪያ የዘራሁትን ቆስጣ ፀሐይ ጠበሰው። ሁለተኛውን የጎረቤት ዶሮ ጭራ ጨረሰችው። ሦስተኛውን ግን እንደ ልጅ አሳደግኩት። የእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ደስ ሲለው። ሩዝ ያጠብኩበትን፣ ምስር የለቀለቅኩበትን ሳይቀር በባልዲ እየተሸከምኩ አጠጣሁ። ባለቤቴ መርዳሳ ደግሞ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ሁለት ነው፣ መሬቱን መኮትኮትና እኔን ማረም። “ዘርፌ፣ ውኃ አበዛሽበት።” “ዘርፌ፣ አሁን ደግሞ አሳነስሽው።” ኧረ በፈጠረህ ተወኝ እለዋለሁ።

ቅጠሉ ሰፍቶ መደቡን ሲሸፍነው ግን እኔም ልቤ አበጠ። ምላሴን በቆረጠውና፣ በቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች ኅብረት ላይ ተነሥቼ መሰከርኩ። “የሰው ሁሉ ጓሮ በትል ሲበላ የእኔን ጌታ ጠብቆታል! የመድኃኒት ጠብታ አልነካውም፣ በጸሎት ብቻ ነው!” አልኩ። ሃሌሉያው ጣራ ነካ። እህቶችም በሚቀጥለው ወር ጓሮዬ ድረስ መጥተው ሊጸልዩ ቀጠሮ ያዙ። የዚያን ቀን የተናገርኩት እውነት ነበር፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

በሳምንቱ ትሉ መጣ።

በእጄ ለቀምኩ። አመድ ነሰነስኩ። ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፌ ረጨሁ። ጸለይኩም፣ ያውም ተንበርክኬ። ትሉ እቴ! ጭራሽ ወፈረ። ቅጠሉ ወንፊት ሲሆን እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። እህቶች መጥተው ይህንን ሲያዩ ምን እላለሁ? ጌታ ሐሳቡን ቀየረ ልበል?

ጎረቤታችን ኡበይደላ ቆቃ ላይ ሽንኩርት ያለማል። እሱ ዘንድ ሄጄ የትል መድኃኒት በሹክሹክታ ለመንኩት። በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ትንሽ ቀንሶ ሰጠኝና ጣቱን አንሥቶ አስጠነቀቀኝ። “እትዬ ዘርፉ፣ ይሄ ኃይለኛ ነው። ከተረጨ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው አፍ እንዳይገባ። ማጠብም መቀቀልም አያስለቅቀውም።” እሺ አልኩት። ረቡዕ መርዳሳ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ጠብቄ ረጨሁና ፕላስቲኩን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። በማግስቱ ትሉ ሁሉ ረግፎ አደረ። መርዳሳ መደቡን አይቶ “አየሽ ጸሎት?” አለኝ።

“አሜን” አልኩት። ምን ልበል?

ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ልደርስ ወለንጪቲ ሄድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት መደቡ ተላጭቷል። ግማሹ የለም። መርዳሳ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ቢላዋውን ይጠርጋል፣ ፊቱ ፈክቷል።

“መርዳሳ! ቆስጣው የት ሄደ?”

“በኩራቱን አደረስኩ። የመጀመሪያው ምርት የጌታ ነው አይደል? ፓስተሩ ጋ ብደውል ‘አራስ ቤት ውሰደው’ አለኝ። ጋዲሴ ጋ አደረስኩትና መጣሁ።”

ጋዲሴ ማለት የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፣ ስድስት ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ ገና በአሥራ ስምንተኛ ቀኗ ላይ ያለች አራስ። ስድስቱንም ዓመት በየሳምንቱ ዓርብ ጾሜላታለሁ።

“ሳትጠይቀኝ? ምነው ሳትጠይቀኝ!” ብዬ ጮኽኩ።

“ለጌታ የሚሰጥ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ዘርፌ፣ ሰሰትሽ?”

እውነቱን ሳልነግረው ነጠላዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ጋዲሴ ጋ ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። ሕፃኑ እንዳይነቃባት ታጠፋዋለች፣ አውቃለሁ። ባጃጅ አስቁሜ “ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል፣ ብረር!” አልኩት። ባሏ እዚያ ነው የሚሠራው፣ ቤታቸውም ከዚያ ወዲህ ነው።

“ማዘር፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ?” አለኝ ሹፌሩ።

“አፍህ ቁርጥ ይበል! ሟርተኛ! ንዳ!”

አራስ በምሳ ሰዓት ትበላለች። የጋዲሴ እናት ቀልጣፋ ናቸው፣ ቆስጣ ደግሞ ወዲያው ነው የሚበስለው። ከበላች ወደ ጡቷ ይሄዳል፣ ከጡቷ ወደዚያ ገና ዓይኑ በወጉ ወዳልጠና ሕፃን። ጌታ ሆይ፣ ጋዙ ይለቅ። ጌታ ሆይ፣ ድስቱ ይረር። ከዚህ የባሰ ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። ጋዲሴ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጎኗ ተኝቷል። ሳህኑ ጭኗ ላይ ነው፣ አረንጓዴው ቆስጣ ይጨሳል፣ እንጀራው ገና አልተነካም። ተመስገን! እናቷ እማማ ሙሉዬ ማንኪያ እንደያዙ ዞሩ።

“ዘርፉ! እግርሽ ይባረክ! በኩራትሽን ልንበላልሽ ነው።”

አሁን እንኳ፣ አሁን እንኳ እውነቱ አልወጣልኝም። “እማማ፣ እሱ ጥሩ አይደለም። ደረቅ ደረቁን ነው የቆረጠባችሁ። ለምለሙን ላምጣላችሁና ይሄንን ስጡኝ” አልኩ።

እማማ ሙሉዬ ሳቁ። “ለጌታ የተሰጠ ይመለሳል? ምን ሆነሻል አንቺ? ይልቅ ተቀመጪና አብረሽን ብዪ።”

“እትዬ ዘርፉ፣ ቢያውቁ” አለች ጋዲሴ እንጀራውን እየቆረሰች፣ “ከወለድኩ ጀምሮ የገበያ አትክልት አልበላም ብዬ እማዬን አስቸግሬያታለሁ። መድኃኒቱ በጡቴ ለልጄ እንዳይተላለፍ ስለፈራሁ ነው። የእርስዎ መሆኑን ስሰማ ግን ምስክርነትዎ ትዝ አለኝና ዛሬ ያለ ሐሳብ እበላለሁ አልኩ።” ጠቅልላ ወደ አፏ አነሣችው።

ዘልዬ እጇን ያዝኩት። ጉርሻው ምንጣፉ ላይ ወደቀ፣ ሳህኑም ተደፋ።

“ረጭቼዋለሁ! ረቡዕ ዕለት መድኃኒት ረጭቼዋለሁ! ሁለት ሳምንት አይበላም! ውሸቴን ነው!”

እማማ ሙሉዬ ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

“ቀምሰሽዋል?” አሏት ልጃቸውን።

“አልቀመስኩም።”

“እርስዎስ?” አልኳቸው።

“እኔ ጨው ልቀምስ ስል ነው የገባሽው” አሉኝ። ድስቱን አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ቢሰድቡኝ እንዴት በወደድኩ!

እኔ ተንበርክኬ ምንጣፉን በነጠላዬ መጥረግ ጀመርኩ። የፈሰሰውን ጠረግኩ፣ ያልፈሰሰበትንም ጠረግኩ። ስለ ትሉ፣ ስለ እህቶች ቀጠሮ፣ ስለ ሐፍረቴ ለፈለፍኩ። ጋዲሴ ሕፃኑን አንሥታ ደረቷ ላይ አስጠግታዋለች። አልተቆጣችም። ሳስበው ግን ካልኩት ሁሉ የሰማችው ‘ውሸቴን’ የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

“እትዬ ዘርፉ።”

“ወዬ፣ የኔ ልጅ።”

“ስድስት ዓመት በየዓርቡ ጾሜልሻለሁ ይሉኝ የነበረው... እሱስ?”

መጥረጌን ተውኩ። ጾሜላት ነበር። አንድ ዓርብ አልዘለልኩም። ጨጓራዬ እያቃጠለኝ፣ መርዳሳ እየተቆጣኝ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ።

“እሱ እውነት ነው” አልኩ።

ድምፄ በእህቶች ኅብረት ፊት “በጸሎት ብቻ” ያልኩበት ያው ድምፅ ነበር። እኔም ሰማሁት። ጋዲሴ ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች።

ሕፃኑ አነጠሰ።

“እደግ” አልኩ ቶሎ ብዬ።

ጋዲሴ የልጇን ፊት በእጇ ከእኔ ከለለች።