በደረቱ የተኛ ስልክ

«ሞተ ብለው ለለጠፉት፣ ሰው ደግሞ ወደድኩት ይላል?»

አክስቷ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ የወንድሟን ልጅ ስልክ ታገላብጠዋለች። ስልኩ ላይ የሟቹ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ስር ቀይ ልብና የተቀሰረ አውራ ጣት ተደርድሯል። «ይኸው፣ ይሄ ሁሉ ሰው የወንድሜን ሞት ወደደው። ጠላት አልነበረው፤ ከየት መጡ?»

ልጅቷ ለቅሶ ባሳበጠው ፊቷ ላይ ሳቅ መጣባት። ሰዎቹ እንዲያ የሚጫኑት «አይተናል፣ ከጎናችሁ ነን» ለማለት እንደሆነ አስረዳቻት። አክስቷ ግን አልተዋጠላትም። እሱ ቢኖር ኖሮ በደንብ ያስረዳኝ ነበር ብላ ስልኩን መለሰችላት።

እውነቷን ነው፣ ያስረዳት ነበር። ሟቹ፣ የልጅቷ አባት፣ ስልክ ሠሪ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ ያዳነው ሰው ባይኖርም ያዳነው ስልክ ስፍር ቁጥር የለውም። ሰዎች ወደ ሱቁ የሚሄዱት የተሰበረ ብቻ ይዘው አልነበረም። ስልኬ የማወራውን ይሰማል ወይ? የደመሰስኩት ፎቶ የት ይሄዳል? መልእክቱን ማንበቤን በምን አወቀ? እሱም መፍቻውን አስቀምጦ፣ ጊዜ እንደተረፈው ሰው፣ ለእያንዳንዱ ይመልሳል። የማያውቀውን «እሱን እኔም አላውቀውም» ይል ነበር።

አሁን ቤቱ በተውሶ ወንበር ተሞልቷል። ሻይ በማይመሳሰሉ ብርጭቆዎች ይዞራል። ልጅቷ ከምትሠራበት ከተማ መጥታ ከተቀመጠችበት ጥግ አልተነሳችም፤ ስልኳም ከእጇ አልወረደም። የሥራ ባልደረቦቿ፣ የድሮ የክፍል ጓደኞቿ፣ ጭራሽ የማታስታውሳቸው ሰዎች የሚያለቅስ ፊትና የበራ ሻማ ምስል ይልኩላታል። ለሁሉም «አመሰግናለሁ» ትላለች። መልስ አለመስጠት ነውር መስሎ ይሰማታል፤ መልስ ስትሰጥ ደግሞ ሌላ ይመጣል። ሰዎቹ ስለ አባቷ የሚያወሩት በጆሮዋ ያልፋል እንጂ አይገባም።

የአባቷ ስልክ ቡፌው ላይ ቻርጅ እንደተሰካ ነው። እናቷ ማንም እንዲነቅለው አልፈቀደችም። ሞቱን ያልሰማ ደንበኛ በላከ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባላየ ያልፈዋል።

አንድ ነገር ግን ልጅቷ ሳታስተውል አልቀረችም። የሚገባው ሰው ሁሉ «ነፍሱን ይማር» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ያስተኛዋል። መጀመሪያ ሐዘኑን አክብረው መስሏት ነበር። ቀጥሎ ግን ከአባቷ ሱቅ ጎን የሚሠሩት ሽማግሌው ልብስ ሰፊም ያቺን ባለቁልፍ ስልካቸውን ደፍተው ሲያስቀምጡ አየችና ነገሩ ገባት። ፊቷ ቀላ።

ይሄ የአባቷ ፈጠራ ነው። ባትሪ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው፤ ስልክ በጀርባው ከተኛ ይታፈናል፤ ስለዚህ ሰው መሀል ስትቀመጡ በደረቱ አስተኙት ይል ነበር። እሷ የስልክ ድርጅት ውስጥ ደንበኛ ሲደውል መልስ የምትሰጥ ሠራተኛ ናት። ቀኑን ሙሉ ትክክለኛውን መልስ ከስክሪን እያነበበች ትናገራለች። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም ስክሪን ላይ አይታ አታውቅም።

ሱቁ ትዝ አላት። ቁምሳጥን ይመስል ጠባብ ስለነበር ሁለት ወፍራም ደንበኛ ጎን ለጎን አይቆምም። ያኔ ሰው ዘፈን የሚያስጭነው እዚያ ነበር፤ ሚሞሪ ካርዱን ሰጥቶ «ያንን የሚያስለቅሰውን ጨምርልኝ» ይለዋል። አባቷ ያበጠ ባትሪ ለመለየት መስታወቱ ላይ አስቀምጦ ያሾረዋል፤ ደህናው እምቢ ሲል ያበጠው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያበጡትን ለቅማ ታሾር ነበር። እሱም ወደ ቤት ሲነሳ አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፤ እናቷም ሳታነሳ ራት ታሞቃለች። ያለ ምንም ሳንቲም ስንት ነገር ይባል ነበር።

«በል እንጂ፣ አንተም አስተኛው» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ለአክስቷ አማች። አማቹ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ልብሱ የማይጨማደድ ሰው ነው። ለምን ብሎ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም የባትሪውን ነገር ከነአተነፋፈሱ አስረዱት። አማቹ ፈገግ ብሎ ስልኩን ጎረጎረና ያገኘውን ጮክ ብሎ አነበበ። እንዲህ የሚባል ነገር የለም።

«ሰውዬው ስንት ዓመት ሲያሞኟችሁ ኖሩ» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ግን አለ።

ልብስ ሰፊው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ለጎረቤታቸው ማልቀሳቸው ሳያንስ አሁን ደግሞ ሞኝ ተደርገው ነበር። «እዚህ የስልክ ድርጅት ሠራተኛ ተቀምጣ ለምን እንጨቃጨቃለን?» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ፍረጂ። አባትሽ ዋሽቶናል?»

ሁሉም አያት። እውነቱን ከተናገረች አባቷን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ለቅሶው፣ ሐሰተኛ ልታደርገው ነው። ካልተናገረች ደግሞ አማቹ ማንበቡን ይቀጥላል። ሻይ ልጨምር ብላ ትሪውን አንስታ ወደ ማድ ቤት ሸሸች።

እናቷ ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ወሬውን ሰምታለች። ልጅቷ በሹክሹክታ «ለአባዬ ያኔውኑ ነግሬው ነበር» አለቻት። ሥራ በያዘች ሰሞን ሱቁ ድረስ ሄዳ ውሸት መሆኑን አስረድታዋለች። እሱ ከብየዳው ቀና ሳይል «ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። ለሙያው የፈራ መስሏት አዘነችለት፤ ትንሽም አፈረችበት።

«ለሙያው አይደለም» አለች እናቷ። እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። «ያቺን ከሁለት ስልክ አንድ አድርጎ የገጠመልሽን አታስታውሺም?»

እንዴት ትረሳዋለች። ስምንተኛ ክፍልን ያለፈች ጊዜ የሰጣት ነው፤ ጥግ ላይ የተሰነጠቀች፣ በጣት የምትነካ ስልክ።

«ከዚያ ወዲያ ራት ስንበላ አናትሽን እንጂ ፊትሽን አላየነውም። እኔ እንቀማት ስለው፣ ሰጥቶ መንጠቅማ ነውር ነው አለ። አንድ ቀን ኮስተር ብሎ መጣና ስለ ባትሪው ነገረሽ። ሲነግርሽ ዓይንሽን አያይም ነበር፤ መዋሸት መቼ ይችላል። አንቺ ደንግጠሽ አስተኛሻት። ከዚያ የምትሠሪው ስታጪ ስለዚያ ስለሚያስነጥሰው አስተማሪሽ ታወሪልን ጀመር። ሳህኑ እስኪደርቅ ስንስቅ አመሸን።»

ልጅቷ ትሪውን አስቀመጠች።

«በማግስቱ ባልና ሚስት ሱቁ መጡ፤ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አይተያዩም። ለእነሱም ነገራቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩን ዞረ። ላንቺ ያወጣው ነው እኮ» አለች እናቷ። «አንቺ ግን ሄድሽ፤ ስትመጪም ተውሽው።»

ልጅቷ አስተማሪዋን አስታወሰች፤ የአባቷን ሳቅ፣ እንባው እስኪመጣ የሚስቀውን፣ አስታወሰች። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር አጠገቡ ተቀምጣ በስልክ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ነው የኖረችው። እሱም አንድ ቀን እንኳ አስተኚው አላላትም። አባቷ ናፈቃት፤ ልክ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እንጀራ በእጁ እንደያዘ፣ ናፈቃት።

ስትመለስ አማቹ ስልኩ በእጁ እንደበራ ነው። ልብስ ሰፊውም ፍርዷን እየጠበቁ ነው። በሥራ ቦታ በምትናገርበት በዚያ በተረጋጋ ድምፅ፣ ከስክሪን የምታነብ ይመስል፣ «ባትሪ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው» አለች። «አባዬ ያላችሁ ልክ ነው።»

አማቹ ሊመልስ አፉን ከፈተ። በሩ ላይ የቆመችውን እናቷን አየና ስልኩን ቀስ ብሎ በደረቱ አስተኛው። ልብስ ሰፊው ብርጭቋቸውን አነሱ።

በዚህ መሀል ቡፌው ላይ ያለው ስልክ ብልጭ አለ። «ዶክተር፣ ስልኬ ዳነልኝ?» ይላል። ልጅቷ ተነሳች። ወደ እናቷ ዞር አለች፤ እናቷ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ቻርጁን ነቀለችና የአባቷን ስልክ በደረቱ አስተኛችው። የራሷን ስታወጣ እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ማን እንደላከ ሳታይ ጎኑ አስተኛችው። ከዚያ ባዶ እጇን ሁለቱ ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ ልብስ ሰፊው አጠገብ ተቀመጠችና ፊታቸውን ታይ ጀመር።