ማሎሜ ሌሲባ እና የትንፋሽ መለኪያው

እኛ ደቡብ አፍሪካ፣ ማሜሎዲ ውስጥ ጠዋት ይቀበራል፣ ከሰዓት በኋላ ይጠጣል። የመጠጡም ድግስ ስሙ «ከእንባ በኋላ» ነው፤ አንዲት ዘለላ ያላፈሰሰውም ሰተት ብሎ ይገባል።

የእናቴ ወንድም ሌሲባ፣ በእኛ አጠራር «ማሎሜ» ማለትም አጎቴ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ማለትም ማንም ያልጠየቀውን የሚያስረዳ ሰው። የዚያን ቅዳሜ ሁለት ብራንዲ ካወረደ በኋላ ከኪሱ የትንፋሽ መለኪያ አወጣና ድንኳኑ ውስጥ ለተሰበሰቡት ወንዶች እያሳየ ነፋበት።

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት! ሕጉ ይፈቅዳል። ሳይንስ ነው ጎበዝ!»

አጨበጨቡለት። ስለተነፈሰ ሲጨበጨብለት ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

የስድስት ዓመት ልጄ ሞሎጋዲ ግን የማሎሜ መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ቤት ላደርሳት ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ በየወሩ የድብርት ክኒኑን የምሰጠው እኔው ነኝ፤ እሱ ወስዶ የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ይገለብጠዋል። ያ ክኒን ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ዓይን ያከብዳል፣ እግር ያዘገያል። መለኪያው የሚያውቀው ብራንዲውን ብቻ ነው። የታካሚ ምስጢር ካወጣሁ ደግሞ እባረራለሁ።

መጀመሪያ ጆሮው ሥር ሄድኩ። «ማሎሜ፣ ዛሬ አይንዱ። ክኒኑን ያውቁታል።»

«የምን ክኒን? ቁጥሩን አላየሽም እንዴ፣ አንቺ?» ምላሱ ተሳስሯል።

ሞተሩን ሲያስነሳ በሩን በርግጄ ልጄን ጎትቼ አወጣኋት። «የድብርት ክኒን ይወስዳል! ከመጠጥ ጋር አይነዳም!» ብዬ ጮህኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ተያዩ። ከዚያ ሳቁ።

«ወንድ ልጅ ለሐዘን ክኒን ይውጣል?» አለ ጎረቤታችን ማፎሎጌ፣ አራተኛ ቢራውን በጥርሱ እየከፈተ።

ማሎሜ መንዳት እንደሚችል ሊያሳያቸው ወደ ኋላ ነዳ። እግሩ ፍሬኑን ገና ሲፈልግ መኪናው የድንኳኑን ምሰሶ ገጨ። ሸራው የሳቁት ላይ ወረደ፤ ምሰሶው የኋላውን መስታወት ሰብሮ ሞሎጋዲ የነበረችበት ወንበር ላይ ተጋደመ።

«ሰኞ አለቃሽ ዘንድ ነኝ!» አለ ማሎሜ ከመሪው ጀርባ፣ ምሰሶውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ።

ልጄን እንዳቀፍኩ ማፎሎጌ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ጠቀሰኝ።

«እህቴ፣ የኔዋ ክኒን ነጭ ናት... ትንሽዬ ናት። ቢራም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

ከኋላው ሌሎች ሁለት ቆመው ነበር፤ ወረፋ ይዘው፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ።

ያን ቀን የነዱት ሚስቶች ናቸው። ወንዶቹ አጠገባቸው ተቀምጠው መንገድ ያሳዩ ነበር።