ከሰባ ስልሳ ሁለት

አስማማው ደብረ ማርቆስ ላይ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ የበር ቁልፍ። በሥራው በማንም አይቀናም። ከሱቁ ፊት ለፊት ፎቅ በፎቅ ላይ የሚደራርብ ነጋዴ አለ፤ አስማማው ጠዋት ጠዋት «እግዜር ይጨምርልህ» ብሎት ያልፋል፣ ከልቡም ነው። አስማማውን የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወዳጁ ደርቤ ስልሳ ሦስት ማግኘቱ፣ እሱ ደግሞ ስልሳ ሁለት ላይ መቅረቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርቤ የደምበጫ ሰው ነው፣ ከብት ነጋዴ። መጀመሪያ የተዋወቁት በበሬ ግዢ ነው፤ ያወዳጃቸው ግን የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ነው። ሌላው ሰው በዕረፍቱ ኳስ ሲያይ እነዚህ ሁለቱ አሮጌ ሳንቲም ሲያገላብጡ ይውላሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት አምበር ላይ አንድ ሰው የአያቱን ሣጥን ለገበያ አወጣ ሲባል ሰምተው ሮጡ። ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት የምኒልክ ብሮች ተገኙ፤ ከተሠሩ ጀምሮ የሰው እጅ እምብዛም ያልዳበሳቸው፣ ባንድ ፊታቸው ዘውድ የጫነ ንጉሥ፣ በሌላው ፊታቸው ባንዲራ የያዘ አንበሳ ያለባቸው። አንዳንድ ተካፈሉ፣ ተሳሳሙ፣ ወደየቤታቸው ገቡ። እስከዚህ ድረስ ፍቅር ብቻ ነው።

ጣጣውን ያመጣችው የደርቤ ልጅ አርሴማ ናት፤ ልጅቷን አልወቅሳትም፣ ለደግ ብላ ነው። አዲስ አበባ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ስትሠራ የሰማችውን ነገረቻቸው። ውጭ አገር ሳንቲም እየመረመሩ እንደ ተማሪ ማርክ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ትልቁ ማርክ ሰባ ነው። ብሩን ከመረመሩ በኋላ በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉታል፣ ማርኩን ከላዩ ጽፈው ይመልሱታል። ሁለቱም ላኩ። ከወራት በኋላ ሲመለስ የደርቤ ስልሳ ሦስት፣ የአስማማው ስልሳ ሁለት ሆኖ መጣ።

ከዚያ ወዲያ አስማማው ሰላም አጣ። ደርቤ ደግሞ ተረበኛ ነው፤ ስለ ዝናብ ቢያወሩ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ቢያወሩ፣ እንደምንም ጠምዝዞ ነገሩን ስልሳ ሦስት ላይ ያደርሰዋል። የአስማማው ሚስት እየሩስ ባሏን ልታጽናናው ብላ ልጃችን ከሰባ ስልሳ ሁለት ቢያመጣ ኖሮ በግ ታርድለት አልነበር ወይ አለችው። ልጃችን ከደርቤ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቢማር ኖሮስ ብሎ ጠየቃት። ተወችው።

አስማማው ጥፋተኛውን አግኝቷል። በማጉያ መነጽር ሲያየው በንጉሡ ጉንጭ ላይ ከፀጉር የቀጠነች አንዲት መስመር አለች። እሷ ናት አንድ ማርክ የበላችበት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ብሩን ከመሳቢያ ያወጣና ያቺን መስመር ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ ጠላቱ ብትሆን እንኳ እንዲህ አያያትም ነበር።

ታዲያ ከፋሲካ በኋላ አርሴማ አስማማው ዘንድ ደወለች። ወደዚያው አገር የሚሄድ የታመነ ሰው አለ፤ ከፈለጋችሁ ፕላስቲኩን ሰብሮ ብሩን አውጥቶ እንደ አዲስ መላክ ይቻላል አለች። ሌላ ሰው በሌላ ዓይን ያየዋል፤ ከፍ ሊል ይችላል። ዝቅም ሊል ይችላል። አንዴ ከተሰበረ ግን የድሮው ማርክ የለም፣ እሱን ይወቁት ጋሼ፣ ብላ አስጠነቀቀችው።

ይኸውላችሁ፣ አስማማውን ማየት ያን ሰሞን ነበር። ስልሳ ሦስት ቢሆንለት ከደርቤ እኩል ቆሞ ይሄዳል። ስልሳ አንድ ቢሆንስ? ስልሳ ቢሆንስ? ደርቤ የሚለውን ሁሉ አስቀድሞ በጆሮው ይሰማል። አንድ ኪሎ ሚስማር የጠየቀውን ሰው የበር ማጠፊያ ሰጥቶ ሸኘው። ጠዋት ልላከው ይላል፣ ማታ ይቅርብኝ ይላል። እየሩስ ለብቻዋ ስትሆን ይህ ብር መጀመሪያውኑ ከሣጥኑ ባይወጣ ይሻል ነበር ትላለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደርቤ ከደምበጫ አስማማው ቤት መጣ። አስማማው ሊተርበው የመጣ መስሎት ፊቱን አጠቆረ። ደርቤ ግን ተቀምጦ ውሃ ከጠጣ በኋላ ከኮቱ ኪስ የራሱን ስልሳ ሦስት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«መሣሪያ አንተ ዘንድ ነው ያለው። የኔንም ስበርልኝ» አለ።

«አንተ ደግሞ ምን ጎደለህ?»

«ስልሳ አራት።»

አስማማው ሳቁ አመለጠው። ለካ የበለጠውም ሰው ሰላም የለውም። ደርቤ አንድ ሰው ስልሳ አራት እንዳገኘ አርሴማ ነግራው ኖሮ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልሳ ሦስቱ ዓይኑ ላይ አንሶበታል። እንግዲያው አብረን እንስበር፣ አብረን እንላክ፣ የመጣው ይምጣ ተባባሉ። አስማማው ፒንሳና የብረት መጋዝ አመጣ። የፕላስቲኩን ጠርዝ እየገዘገዙ፣ እያቃሰቱ፣ ቀስ በል እየተባባሉ ሁለቱን ብሮች አወጡ። የአስማማውን በቀኝ፣ የደርቤን በግራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አኖሯቸው።

በዚህ መሐል የደርቤ ስልክ ጮኸ። አርሴማ ናት፤ መንገደኛው በነጋታው ስለሚነሳ ብሮቹ በማለዳው መኪና እንዲደርሱላት ትፈልጋለች። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ተያይዘው በረንዳ ወጡ። አነጋግረዋት ሲመለሱ ጠረጴዛው ተጠርጎ፣ ምሳ ቀርቦ ጠበቃቸው።

«ብሮቹስ?» አለ አስማማው፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«እንዳይጠፉባችሁ ብዬ ብርጭቆ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ» አለች እየሩስ፣ ምስጋና እየጠበቀች።

እግዜር ያሳያችሁ። በጥጥ እንኳ የማይነኩትን ብር፣ ሁለቱንም ባንድ ብርጭቆ። ምን ይናገሩ? ቤቷ ነው፣ ጠረጴዛዋም ነው። አስማማው ቶሎ ራሱን አረጋጋ፤ ችግር የለም፣ የኔ ጉንጩ ላይ መስመር አለው አለ። መነጽሩን አንስቶ አንዱን አየ፤ መስመር የለውም። በሉ ይኼ የደርቤ ነው አለና ሌላውን አነሳ። እሱም መስመር የለውም። ብርሃን ይሆናል ብሎ ወደ መስኮቱ ወሰዳቸው፤ የለም። በመጨረሻ የተጣለውን የፕላስቲክ ስብርባሪ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አውጥቶ አየ። መስመሯ ፕላስቲኩ ላይ ነበረች። ዓመት ሙሉ የጠላት ያቺ መስመር ብሩን ነክታው አታውቅም።

ተራው የደርቤ ሆነ። የኔ አንበሳ ጎፈሩ ያበራል፣ በጨለማም አልስተውም ብሎ እየኮራ ጎንበስ አለ። ሁለቱም ያበራሉ። ይህ ሰው የሸጠውን በሬ ከዓመት በኋላ በገበያ መሐል በጀርባው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ላብ አጠመቀው እንጂ የገዛ ብሩን መለየት አልቻለም።

እየሩስ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ክዳኑን መልሳ ደፋችበትና ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «ታዲያ ዓመት ሙሉ የተነታረካችሁት በምንድን ነው?» አለች።

ዘውድና ጎፈር ጥለን ያሸነፈ አስቀድሞ ይምረጥ አለ ደርቤ። መልካም፤ ግን የትኛው ነው የሚወረወረው? ማንም የራሱ ብር መሬት እንዲመታ አይፈልግም፣ የራሱ የትኛው እንደሆነም አያውቅም። እየሩስ ከቦርሳዋ የዛሬውን አንድ ብር ሳንቲም አውጥታ በዚህ ጣሉ አለቻቸው። ደርቤ አገላብጦ አየና አንበሳውስ ይኸው አለ፣ ዘውዱ ግን የት አለ ብሎ መለሰላት። ይኼኔ አስማማው የሆነ ነገር ከላዩ ለቀቀው። በቃ ደከመው። ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን አነሳና ወደ ላይ ወረወረው፤ ደርቤ «ጎፈር!» አለ። ብሩ ሊሾው ላይ ወድቆ ነጠረና እየተሽከረከረ ሶፋው ሥር ገባ።

በመጥረጊያ እጀታ ስበው ሲያወጡት ጎፈር ነው። ጠርዙ ላይ ግን ጥፍር የሚይዝ ስርጉድ ወጥቶበታል። ደርቤ ሁለቱን ብሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቂት ካሰበ በኋላ የተሰረጎደውን አነሳ።

«ደርቤ፣ ደህነኛው ያውልህ» አለ አስማማው።

«አይቼዋለሁ። ምርጫው የኔ ነው፣ መርጫለሁ።»

«የወረወርኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ሦስት ይዘህ ቤቴ መጥተህ ስርጉድ ይዘህ አትወጣም» አለና አስማማው ከእጁ መነተፈው። ደርቤ መልሶ ያዘው። እየሩስ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ዓመት ሙሉ የሚበልጠው የኔ ነው ሲባባሉ የከረሙ ሁለት ሽማግሎች የባሰው ለኔ ይሁን ብለው ግብ ግብ ገጠሙ። ረዥም ጊዜ ተከራከሩ። በመጨረሻ የቤቱ ጌታ አሸነፈ፤ አስማማው የተሰረጎደውን ከኮቱ ኪስ ጨመረው፣ ደርቤም ደህነኛውን ይዞ ለምሳ ተቀመጠ።

እየበሉ፣ ያንተን እንኳ ለብቻው ላከው አለ አስማማው፣ ከልቡ። ደርቤ ራሱን ነቀነቀ። ስልሳ አራት ቢመጣስ የኔ ይሁን ያንተ በምን አውቄ ልፎክር ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከሳቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር፣ ማለቴ እንዲህ አብረው። ለአርሴማ ደውለው አንልክም አሏት። ለምን ብትል አንዱ ለአንዱ ስልኩን ያቀብል ጀመር።

አመሻሽ ላይ አስማማው ወዳጁን መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ደርቤ አቀፈው፤ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፣ ደገሙ፣ እንደ ወትሮው ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያ ገባ፣ መኪናው ወደ ደምበጫ መንገድ ታጠፈ።

አስማማው ቀልሎት ቆመ። ይገርማል፣ ማርክ የሌለው፣ የተሰረጎደ ብር ይዞ እንዲህ ደስ ሊለው! እጁን ኪሱ ከትቶ ስርጉዱን በአውራ ጣቱ ፈለገ። ዙሪያውን ዳበሰ። አላገኘውም። በሌላ በኩል ይሆናል ብሎ እንደገና ዳበሰ፣ ከዚያ አውጥቶ ለብርሃኑ አዞረው። ጠርዙ ዙሪያውን ደህና ነው።

«አንተ ሌባ» አለ፣ ጮክ ብሎ። የሚኒባስ ረዳቶች ዞረው አዩት፤ ሰውየው ግን እየሳቀ ዓይኑን ይጠርጋል። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ደርቤ አላነሳም። ደጋግሞ ደወለ፣ ደርቤ አሁንም አላነሳም።